ሚቱቶዮ ባለ 200 ሚሊ ሜትር ዲጂታል ካሊፐር፦ ለትልልቅ ጥይት ሰብሳቢ 150ው ለምን አይበቃም

የዲሽቃ ጥይት (12.7×108) ከአረሩ (ተተኩሶ ከሚሄደው ክፍል) ጫፍ እስከ ቀለሃው (ባሩዱን እስከሚይዘው ቱቦ) ቂጥ 147 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 14.5×114 የሚባለው 155ን ያልፋል። የአየር መቃወሚያው ዙ-23 ቀለሃ ደግሞ አረሩ ሳይቆጠር ብቻውን 152 ነው። በየመሣሪያ መደብሩ ካሊፐር (በሁለት መንጋጋ ይዞ ውፍረትና ርዝመት የሚለካ መሣሪያ) ሲጠየቅ የሚቀርበው ግን 150 ሚሊ ሜትር ላይ የሚያበቃው ነው። ትንንሽ ጥይት ለሚሰበስብ ይበቃዋል፤ ትልልቁን ለሚለይና ለሚመዘግብ ሰው ግን የመጀመሪያው ስህተት እዚያው ሱቅ ውስጥ ይፈጸማል። ይህ ግምገማ ስለ ባለ 200ው ሚቱቶዮ አብሶሉት ዲጂማቲክ፣ በተለይም የሞዴል ቁጥሩ 500-197-30 ስለሆነው ነው።

ካሊፐሩ ከሣጥኑ ሳይወጣ አንድ ነገር ይቅደም። በዚህ መሣሪያ የሚለካው ባሩዱ ወጥቶ፣ ካፕሱሉ (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ቂጡ ላይ ያለ ክፍል) ሞቶ፣ ከየት እንደመጣ ታውቆ በስብስብ ውስጥ የተቀመጠ ጥይት ነው። ከእርሻ፣ ከወንዝ ዳር ወይም ከድሮ ምሽግ የተገኘ ጥይት አይለካም፣ አይነካም፤ ቦታው ላይ ምልክት ተደርጎ ለፖሊስ ወይም ለመከላከያ ይነገራል። ከ20 ሚሊ ሜትር ጀምሮ አረሩ በሆዱ ፈንጂና እሱን የሚያፈነዳ ፊውዝ ሊይዝ ይችላል። በ14.5 ውስጥም ኤም ዴ ዜ የሚባል፣ አረሩ በሙሉ ቀይ የተቀባ ፈንጂ አለ። ካፕሱሉ መሃል ላይ የመመታት ምልክት ማየትም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ተመትቶ ሳይተኮስ የቀረ ጥይት ባሩዱ እንዳለ ነው። ሕጉም አለ። በአገር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥይትን ያለ ፈቃድ መያዝ ስለሚከለክል፣ የድሮ ጥይት በዕቃ ቤቱ ያለው ሙዚየም፣ ገዳምም ሆነ ግለሰብ መጀመሪያ ይህን ይጨርስ። አሜሪካ ላለ ሰብሳቢ ደግሞ ከሩብ አውንስ (7 ግራም ገደማ) በላይ ፈንጂ ወይም ተቀጣጣይ የያዘ አረር በፌዴራል ሕግ ከአውዳሚ መሣሪያዎች ይመደባል፤ የየግዛቱ ሕግም ለብቻው ነው።

ወደ መለኪያው እንመለስ። የጥይት ስም ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው የአፈሙዙ ስፋት፣ ሁለተኛው የቀለሃው ርዝመት። ከኋላ "አር" ከተጨመረበት ቀለሃው ከገላው ወጣ ያለ ጠርዝ አለው፤ "ቢ" ከሆነ ከጠርዙ በላይ መቀነት የሚመስል ወፍራም ቀለበት ታጥቋል። ጀማሪን የሚያሳስተው የመጀመሪያው ቁጥር ነው። የ12.7ን አረር ከቀለሃው አፍ አጠገብ ብትለኩት 12.98 ገደማ ያነባል፤ የ14.5ቱ 14.9 ይሆናል። ካሊፐሩ አልተበላሸም። ስሙ የተወሰደው በአፈሙዙ ጠመዝማዛ ጉብታዎች መካከል ካለው ስፋት ነው፤ አረሩ ግን በጉብታዎቹ መካከል ያለውን ቦይ ሊሞላ ስለሚገባው ወፈር ብሎ ይሠራል። ስለዚህ 12.98 አይቶ "13 ነው" ብሎ የሚመዘግብ ሰው ሌላ ጥይት መዘገበ ማለት ነው።

መሣሪያው ዋጋውን የሚያወጣው በአገራችን በሚገኙት የድሮ ጥይቶች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የናፒየር ጦር መቅደላ ድረስ ይዞት የመጣው ስናድር ጠመንጃ 0.577 ኢንች ጥይት ይጎርሳል። እንግሊዝ በ1871 የተቀበለችው ማርቲኒ ሄንሪ ጥይቱ የተወለደው ከዚሁ ከስናድር ቀለሃ ነው፤ ረዘም ተደርጎ አንገቱ ጠበበ። በዚህ ምክንያት የሁለቱ ቂጥ አንድ ነው፤ ጠርዛቸው 18.95 ገደማ ይነበባል። ጠርዙን ብቻ ለክቶ ያቆመ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል። ስናድሩ 51 ገደማ ረዝሞ ትከሻ (ገላው ወደ አንገቱ ሲጠብ የሚታየው ተዳፋት) የለውም፤ ማርቲኒው 59.4 ሆኖ ትከሻው በግልጽ ይታያል።

አሁን ከማርቲኒው አጠገብ ውጅግራን አስቀምጡ። ስሙ ከፈረንሳይኛው ፉዚ ግራ የመጣው የ1874ቱ ጠመንጃ ቀለሃ ርዝመቱ እሱም 59.4 ነው። ሁለቱ በርዝመት ፍጹም አይለዩም። ሁለቱም ትከሻ አላቸው፣ ሁለቱም ናስ ናቸው፣ ሁለቱም ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ዓይነት ቡናማ ሆነዋል። የሚለያቸው ቂጣቸው ነው፤ የውጅግራው ጠርዝ 16.9 ሲሆን የማርቲኒው ከእሱ በ2 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። እዚህ ላይ ግን "16.9 ከሆነ ውጅግራ ነው" ብሎ መደምደምም ወጥመድ አለው። በጉንደትና በጉራዕ (1875 እና 1876) የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ከግብፅ ጦር የማረከው ሬሚንግተን ጥይቱ ጠርዙ ያው 16.9 ነው፤ ርዝመቱ ግን 49.3 ገደማ ብቻ። የጀርመኑ 11 ሚሊ ሜትር ማውዘር የ1871ዱ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ርዝመቱ 60.2 ሆኖ ከውጅግራው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይበልጥም፣ ጠርዙ ግን 14.9 ነው። በዓድዋ ጣሊያኖች የተሸከሙት ቬተርሊ ከሁሉም አጠር ይላል፤ 47.5 ርዝመት፣ 16.0 ጠርዝ፣ 10.9 አረር።

እነዚህን አንድ ላይ ያየ ሰው ሁልጊዜ ሦስት ልኬት እንደሚያስፈልግ ይገባዋል፦ ጠርዝ፣ ርዝመት፣ አፍ። ሦስቱ ሳይሟሉ ስም መጻፍ የስብስቡን መዝገብ ያበላሻል፤ በብዙ ስብስቦች "የዓድዋ ጥይት" የሚል ካርድ ተለጥፎባቸው የምናያቸው የተደባለቁ ቀለሃዎች የዚህ ውጤት ናቸው። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ቀለሃው በትክክል ቢለይ ማን ተኮሰው፣ ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ ግማሹን ይመልሳል።

መሣሪያው በእጅ ሲያዝ ጥሩነቱ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ተንሸራታቹ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይሄዳል፤ የትም ቦታ አይይዝም፣ የትም አይላላም። የአውራ ጣት ጎማዋን በቀስታ ስትገፏት መንጋጋው ቀለሃውን ሲነካ ይሰማችኋል፤ ይህ ስሜት በርካሹ ላይ አይገኝም። ሁለተኛው "አብሶሉት" የሚለው ነው። ዜሮው አንድ ጊዜ ከተያዘ በኋላ አጥፍታችሁ ብታበሩትም አይረሳም፤ በፍጥነት ብትከፍቱትም ቁጥሩ አይዘልም። 40 እና 50 ቀለሃ በአንድ ቀን ለሚመዘግብ ሰው በየአምስት ደቂቃው ዜሮ ከማረጋገጥ ያሳርፈዋል። ንባቡ በ0.01 ሲሆን የስህተት ገደቡ 0.02 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለጥይት መለየት ከሚበቃው በላይ ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ቀለሃዎችን የሚለየው ልዩነት ከ0.3 በታች መሆኑ ብርቅ ነው። የኢንች ቁልፍ አለው፤ 500-182-30 የሚባለው ወንድሙ በሜትሪክ ብቻ ስለሚያነብ እንዳትሳሳቱ። የእንግሊዝና የአሜሪካ ጥይቶች ልክ በኢንች ተጽፎ ስለሚገኝ ቁልፉ በየቀኑ ያስፈልጋል።

የማይወደድ ጎኑም አለ። ይህ ሞዴል ውኃና ዘይት አይከላከልም፤ ለዚያ የተሠራው የ500-7 ተከታታዩ ሌላ ነው። ቀለሃ ሲጸዳ የሚንጠባጠበው ዘይትና ከዝገቱ የሚረግፈው ዱቄት በተንሸራታቹ ሥር ከገባ ንባቡ ይንቀጠቀጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀለሃው በደረቅ ጨርቅ ተወልውሎ ይለካ፣ ካሊፐሩም በሥራው መጨረሻ ይጠረግ። ባትሪው ኤስ አር 44 ነው። ርካሹን ኤል አር 44 ብታስገቡበት ይሠራል፤ ነገር ግን የኤል አር ቮልቴጅ ቀስ በቀስ ስለሚወርድ ባትሪው ሳያልቅ ቁጥሩ መብለጭለጭ ይጀምራል።

አለካኩ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጠርዙ የሚለካው በመንጋጋው ጠፍጣፋ ክፍል ነው። ጫፉ ላይ ያለው ስለት የተሠራው ለጠባብ ቦይ ሲሆን፣ ጠርዙ በላዩ ላይ ካረፈ ትንሽ ሲያዘነብል ንባቡ ይለወጣል። ቀለሃውን በመንጋጋው መካከል እያዞራችሁ ሦስት ቦታ ላይ ለኩ። የተተኮሰ ቀለሃ ከጠመንጃው ሲነቀል ጠርዙ በአንድ ወገን ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ከሦስቱ መካከለኛውን ጻፉ፤ አማካይ አትውሰዱ፣ የተጎዳው ቦታ አማካዩን ይጎትተዋል።

ባዶ ቀለሃ ርዝመቱ ቀላል ነው። አረሩ ያለበት ጥይት ሲሆን ግን የቀለሃው አፍ የት እንደሚያበቃ ማግኘት ያስፈልጋል። ቂጡን በቋሚው መንጋጋ ላይ አስደግፉ፤ ተንቀሳቃሹን ከአረሩ ጫፍ ወደ ታች በአረሩ ገላ ላይ እያንሸራተታችሁ አምጡት። ስለቱ የቀለሃውን አፍ ሲነካ ቁም ይላል። ያቺ እርከን ከናሱ ውፍረት ስለማትበልጥ በጠፍጣፋው ክፍል አትያዝም፤ ስለቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ባለ 200ው መንጋጋ 50 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ስላለው ለ23 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንኳ ይበቃል፤ የባለ 150ው 40 ብቻ ነው።

ከኋላ የምትወጣው ዘንግ የውስጥ ጥልቀት ለመለካት ናት። ካፕሱሉ መሞቱ ያልተረጋገጠ ቀለሃ ውስጥ አትግባ። ብረት ነች፣ ካፕሱሉም የሚቀሰቀሰው በምት ነው።

ለስናድርና ለመጀመሪያዎቹ ማርቲኒዎች ሌላ ጥንቃቄ አለ። እነዚህ ቀለሃዎች እንደ ሲጋራ ወረቀት የተጠቀለለ ስስ ናስ ናቸው፤ ከታች የብረት ቂጥ ተገጥሞላቸዋል። ከ1880ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው ማርቲኒው አንድ ወጥ ሆኖ በተሳበ ናስ መሠራት የጀመረው። የተጠቀለለውን በብረት መንጋጋ ጫን ካላችሁት ጥቅሉ ይፈታል፣ አይመለስም። ዝገቱም የሚጀምረው ከብረቱ ቂጥ ስለሆነ ጠርዙ ተበልቶ ከ18.95 በእጅጉ ያነሰ ሊነበብ ይችላል። ለእነዚህ ብቻ ርካሽ የፕላስቲክ ካሊፐር አጠገባችሁ ይኑር፤ ትክክለኛነቱ ከ0.1 ባይሻልም ናሱን አይጎዳም፣ ስናድርን ከማርቲኒ ለመለየት ደግሞ 0.1 ይበቃል። ቂጣቸው ላይ ጽሑፍ ካላገኛችሁ አትገረሙ፤ የተጠቀለሉት ብዙውን ጊዜ ባዶ ናቸው።

ወደ ዘመናዊዎቹ ስንመጣ ሥራው ይፈጥናል። የአሜሪካው 12.7×99 (ብራውኒንግ ኤም 2 የሚጎርሰው) ጠርዙ 20.4፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 138 ነው። የዲሽቃው ጠርዝ 21.7 ነው። ሁለቱን በዓይን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው፤ ቂጣቸውን ለክቶ የሚያምታታ ግን የለም። 14.5×114 ጠርዙ 27 ስለሆነ ከማንም ጋር አይደባለቅም። ጥንቃቄ የሚሻው የእንግሊዙ ቦይስ ፀረ-ታንክ ጠመንጃ ጥይት ነው። ቀለሃው ልክ እንደ ብራውኒንጉ 99 ነው። መቀነቱን ግን አይታችሁ ትለዩታላችሁ፤ አረሩም 14.3 ገደማ ነው። በ23 ደግሞ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ጥይቶች አሉ፤ ሚግ-23 አውሮፕላን የሚተኩሰው 115 ርዝመት ያለው ነው፣ የዙ-23 አየር መቃወሚያው 152። "የ23 ጥይት" ብሎ መመዝገብ ምንም አለማለት ነው። ባለ 150ው ካሊፐር ለዙ-23ው የሚሰጣችሁ ልክ ስለሌለ ሰው በማስመሪያ ይገምታል፤ ግምቱም መዝገብ ላይ ይቀራል።

ካሊፐሩ የማይነግራችሁ ነገር አለ፤ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው፣ አረሩ ምን ዓይነት እንደሆነ። ለዚህ አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽርና ከጎን የሚመጣ ብርሃን ያስፈልጋል። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ያረጀ ጽሑፍን ይሰውራል፤ ከጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ፊደል ጥላውን ይጥላል። በአሜሪካ 12.7 ላይ ኤል እና ሲ ካያችሁ የሌክ ሲቲ ፋብሪካ ነው፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት አኃዞች ዓመቱ ናቸው። በሶቪየት ጥይት ላይ 188 ኖቮሲቢርስክ ነው፣ 3 ኡሊያኖቭስክ። ከ1952 እስከ 1956 በተሠሩት የሶቪየት ጥይቶች ላይ ግን በዓመቱ ቦታ አንድ የሩስያ ፊደል ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ያን የፋብሪካ ምልክት አድርጎ መመዝገብ የተለመደ ስህተት ነው። የእንግሊዝ ጥይት ላይ በአር እና በኤል መካከል ቀስት ከተሣለ ዉልዊች ያለው ሮያል ላቦራቶሪ ነው።

የጫፍ ቀለምም ይረዳል፤ በአሜሪካው ጥቁር ብረት በሺ ነው፣ ሰማያዊ ተቀጣጣይ፣ ብርማ ቀለም ሁለቱን በአንድ የያዘ። በሶቪየቱ ጥቁር ጫፍ ከሥሩ ቀይ ቀለበት ያለው ቤ-32 የሚባለው ብረት በሺና ተቀጣጣይ ነው። ቀለም ግን ይለቃል፤ ሻጭም ይቀባል። አዲስ የሚያብረቀርቅ ቀለም በጠቆረ አረር ላይ ካያችሁ ተጠራጠሩ። ማግኔትም ብዙዎች እንደሚሉት አይደለም። አረሩ ማግኔት ሳበ ማለት ብረት በሺ ነው ማለት አይደለም፤ የብራውኒንጉ ተራ ኤም 33 ጥይት ራሱ ልቡ ለስላሳ ብረት ነው፣ ይስባል። ማግኔቱ የሚጠቅመው ቀለሃው ናስ ይሁን ቀለም የተቀባ ብረት ለመለየት ነው።

አንድ ዕቃ ከካሊፐሩ ጋር ልግዛ ለሚል ሰው መልሱ ሚዛን ነው፤ የወጥ ቤት ሚዛን በግራም የሚያነብ ይበቃል። የ12.7×99 ባሩድ 15 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ ባዶ ተደርጎ የተሸጠላችሁ ጥይት ክብደቱ ከተለመደው 115 እስከ 120 ግራም ውስጥ ካረፈ፣ ሻጩ የነገራችሁን አትመኑ። አስቀምጡትና የሚያውቅ ባለሙያ ጥሩ። ቀለሃው ጎን ላይ የተበሳ ቀዳዳ ያለው ከዚህ ጭንቀት ያሳርፋል፤ ባዶነቱ በዓይን ይታያል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ባለ 200ው ሚቱቶዮ ከ150 ዶላር በላይ ነው። ስም የለሹ ባለ 200 ከ30 እስከ 50 ዶላር ይገኛል፤ ስብስቡ ከሃምሳ ቁራጭ ለማይበልጥ ሰው እሱም ያገለግላል፣ በሁለት ሁኔታ። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ቢጠፉም ባትሪ መብላታቸውን አያቆሙም፤ ሥራ ሲያልቅ ባትሪው ይውጣ። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ቀለሃ ፊት መንጋጋው ተዘግቶ ዜሮ ማንበቡ ይታይ። ባለ 150 ሚቱቶዮ ከመግዛት ይልቅ ባለ 200 ስም የለሹን ብትገዙ ለዚህ ሥራ የተሻለ ነው።

የሚቱቶዮ ስም ያለበት ሐሰተኛ ካሊፐር ገበያውን ሞልቶታል፤ ከዋጋው በግማሽ የሚቀርብ አዲስ ዕቃ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ይህን አድርጉ። መንጋጋውን ዝጉ፣ ዜሮ ያዙ፣ አጥፉት። ጠፍቶ ሳለ 50 አካባቢ ክፈቱት፣ አብሩት። እውነተኛው ወዲያው 50 አካባቢ ያነባል፤ ሐሰተኛው ብዙውን ጊዜ ዜሮ ይላል። ከዚያ በፍጥነት እስከ 200 ወስዳችሁ መልሱትና ዝጉት፤ ከ0.00 በ0.01 ብቻ ወዲያና ወዲህ ቢል ምንም አይደለም፤ ከዚያ በላይ ከራቀ ግን ገንዘባችሁ ኪሳችሁ ይቆይ።

ለ40 ሚሊ ሜትር ቦፎርስ ግን ይህም አይደርስም፤ ቀለሃው 311 ነው። ጠርዙንና አፉን በዚሁ ለክታችሁ ርዝመቱን በብረት ማስመሪያ ያዙ፤ በዚያ መጠን ግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት የትኛውንም ጥይት ከሌላ አያደባልቅም።